አምባዛዎቹ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ!

ጆሮ ያለህም፣ ጆሮህን በስልክ የደፈንክም ስማ! የጥርስ ክሊኒኩ የጽዳት ሠራተኛ፣ ቁመቷ ከመወልወያዋ እንጨት በአራት ጣት የሚያንሰው፣ ሰው ሁሉ «ጠብታ» የሚላት ሴት፣ ከዛሬ ጀምሮ የአምባዛዎች ዋና ሐኪም ሆና ተሹማለች። ሹመቱን የሚቃወም ቢኖር ዲግሪውን ትቶ ዓይኑን ይዞ ይምጣ።

በክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ክፍል፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ስድስት አምባዛዎች ይኖራሉ። የሚበሉት ዓይነት እንዳይመስልህ። እነዚህ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ለጌጥ የሚቀመጡ ናቸው፤ ጢማቸው ግን የሽማግሌ ነው። የገንዳውን ወለል በዚያ ጢም እየዳበሱ ነው እህላቸውን የሚያገኙት። ጠብታ ልጆቿ ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ በጠዋት «እንዴት አደራችሁ?» የምትለው እነሱን ብቻ ነው። ፊታቸውን ወደ መስታወቱ ሲያዞሩላት «እግዚአብሔር ይመስገን» እንዳሏት ትቆጥረዋለች።

አንድ ሰኞ ግን የዞረላት የለም። ጢማቸው አልቆ ጉቶ ሆኗል፣ አፋቸው ዙሪያውን ቀልቷል፣ ምግቡ አጠገባቸው ወድቆ ይሻግታል።

የክሊኒኩ የጥርስ ሐኪም ተጠራ። ጎንበስ ብሎ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአፍ በሽታ ነው። በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ!»

ድዱ ያበጠም፣ ጥርሱ የተነቀለም፣ በር ተሳስቶ የገባም ከዚያ ክሊኒክ ያለ ጨው ትእዛዝ ወጥቶ አያውቅም። ዓሣ ምን ይለየዋል? አንድ ኩባያ ሙሉ ጨው ገንዳው ውስጥ ተገለበጠ። አምባዛ እንደ ሌላው ዓሣ ቅርፊት የለውም፤ ጨው አይችልም። ስድስቱም ከመስታወት መስታወት ይላተሙ ጀመር።

«ኧረ ዶክተር! ሊያክሟቸው ነው ወይስ ሊጠብሷቸው?» አለች ጠብታ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ሳቋን በፋይል ሸፈነች። ሐኪሙ ቀላ።

«አንቺ ወለልሽን ወልውዪ! እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳኑ ገንዳውን አስጥዬ ቴሌቪዥን እሰቅላለሁ።»

ጠብታ ታዛዥ ሴት ናት። ወለል ወልውዪ ከተባለች ትወለውላለች፤ የትኛውን ወለል እንደሆነ ግን ማን ነገራት? መጀመሪያ ጨዋማውን ውሃ አጋምሳ ቀድታ፣ ለሳምንቱ ቅያሪ በባልዲ ያሳደረችውን ሞላች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ገንዳው ወለል ሰደደች።

«ውይ!»

ጣቷ ደማ። ሐኪሙ ባለፈው ወር «ለውበት» ብሎ ያስነጠፈው የሚያብረቀርቅ ጠጠር እንደ ምላጭ ነው፤ በየጠጠሩ መሃል ደግሞ የበሰበሰ ምግብ ተወሽቋል። ጢማቸውን የላጨውና ያመረቀዘው ማን እንደሆነ ገባት።

«አየሽ?» አለቻት የካርድ ክፍሏን ልጅ፣ ጣቷን እየመጠጠች። «እኔን እንዲህ ካደረገኝ፣ በከንፈሩ የሚጠርግበትን ምን ያድርገው!»

«እትዬ፣ ለዶክተር ልንገረው?»

«ተዪው፣ እሱ ጥርስ ይንቀል።»

ጠጠሩን እስከ መጨረሻው ለቅማ አወጣች። ውሃው እስኪጠራ ያጠበችውን ደቃቅ አሸዋ አነጠፈች። በየቀኑ ጥቂት ውሃ ትቀይራለች፣ የተረፈ ምግብ ታነሳለች። መድኃኒት የሚባል ጠብ አላደረገችም። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ አሸዋውን በአፉ ማመስ ጀመረ። በሦስተኛው ከየጉቶው እንደ ጎረምሳ ጢም ቀጭን ነገር አቆጠቆጠ። የወሩ መጨረሻ ዕለት ሐኪሙ ለቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ሊለካ ሜትር ይዞ ሲገባ፣ ስድስቱም ተሰልፈው አሸዋ ሲበጠብጡ፣ ጠብታም መወልወያዋን አቅፋ ስትሽከረከር አገኛቸው። ጉንጩ ያበጠ አንድ በሽተኛ ሕመሙን ረስቶ ያጨበጭብ ነበር። ሐኪሙ ሜትሩን ኪሱ ከተተ።

ገንዳው ዛሬም እዚያው ነው። ሐኪሙም አላፈረም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ተራህ ደርሶ ያ ወንበር ላይ ስትጋደም፣ አፍህን በጥጥ ይጠቀጥቅና «እነዚያን አምባዛዎች ማን ያዳናቸው ይመስልሃል?» ብሎ በፈገግታ ይጠይቅሃል። አደራህን፣ ጥጡን ትፋና «ጠብታ!» በለው።