ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ቲጂ ቤት ሄጄ ቆሜ ቀረሁ። ቆሜ ስላችሁ ቆሜ ነው... አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ እንደ ባንክ ጥበቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በሳይክል የሚቀድመኝ ሰው የለም። ጉራ አይደለም፣ ፒያሳ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሳይክሌ እንድትቀልልኝ ብዬ ያላትን ሁሉ አስፈትቼላታለሁ... ደወሏን፣ የኋላ መጫኛዋን፣ ከጎማው በላይ ሆኖ ጭቃ የሚከለክለውን ፓራፋንጎ ሳይቀር። ራቁቷን ነው የምነዳት።

የቲጂ ሳይክል ግን ምኑም አልጎደለም፣ ከፊቱ ቅርጫት ሁሉ አለው። ጓደኛዬ ናት፣ እሁድ እሁድ አብረን መንዳት ከጀመርን ዓመት አለፈን። ከባህል አዳራሽ ሐይቅ ዳር፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ ድረስ፣ ደግሞ መመለስ።

በጋ ላይ አቧራው ቅንድባችንን ነጭ ያደርገዋል፣ ሽማግሌ መስለን እየተያየን እንስቃለን። የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ደረትህን ይዞ ወዴት ነው ይልሃል፣ ፔዳሉን ብትረግጠው ብትረግጠው ያው እዚያው ነህ። ስትመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋሃል፣ እግርህን ሰቅለህ ትመጣለህ። ክረምት ግን የኔ ነው። ኩሬ አይቼ አልዞርም፣ መሀሉን ነው የምሰነጥቀው። ቲጂ ከኋላዬ ትጮሃለች። በደስታ ነበር የሚመስለኝ...

አባቷ ጋሽ በላቸው ይባላሉ። መንግሥት ቤት ሲሠሩ የኖሩ፣ ግምገማ ሲመሩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሰው ናቸው። አንዱ ወሬኛ ልጅዎ ከአንድ ጎረምሳ ኋላ ኋላ ስትነዳ አየሁ ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም ልጁ መጥቶ ልየው፣ ካልመጣ ሳይክሉ ይቆለፋል ብለው ቁርጡን ነገሯት።

ሳይክሉ ከተቆለፈ እሁድ የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ያቆምኩ ነኝ። ቢያንስ ልብሴ የተማረ ይምሰል ብዬ የወንድሜን ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ።

ቲጂ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እባክህ በባጃጅ ና ብላኝ ነበር። እኔ በባጃጅ? የነሐሴን ደመና እንደኔ የሚያውቅ የለም አልኳት። እውነትም ዝናቡ እንዳባራ ተነስቼ፣ አንድ ጠብታ ሳይነካኝ ደረስኩ። በራቸው ላይ ሸሚዜን ጎንበስ ብዬ አየሁት... ወተት።

ቲጂ በሩን ከፈተች፣ ፈገግ ብላ አሳለፈችኝ። ወዲያው ከኋላዬ ትንፋሿ ቁርጥ ሲል ሰማሁ።

«ጀርባህ...» አለች ቀስ ብላ።

ከቀበቶዬ እስከ ማጅራቴ አንድ ወፍራም የጭቃ መስመር። መመለስ የለም፣ ጋሽ በላቸው በረንዳው ላይ ቆመው እያዩኝ ነው።

ሳሎን ስገባ ሶፋው በሙሉ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ተቀመጥ አሉኝ። ግድግዳውን ተጠጋሁ።

«ግድ የለም ጋሼ... እርስዎ ፊት እንዴት እቀመጣለሁ።»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ፣ ቆሜ መለስኩ። ለስላሳ መጣ፣ ቆሜ ጠጣሁ። ያሁን ልጅ ትልቅ ሰው ፊት እግሩን አነባብሮ ነው የሚቀመጠው፣ እንዲህ ያለው ያለቀ መስሎኝ ነበር አሉ። እኔም ሞቀኝ፣ በየመልሱ እጅ መንሳት ጀመርኩ። ቲጂ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች።

መሄጃዬ ሲደርስ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ ኋላ ኋላ ወጣሁ። አለፈልኝ ስል ልሸኝህ ብለው ተነሱ። ኧረ አይድከሙ ብል ማን ሰምቶኝ። ግቢውን በሙሉ እንደ ገልባጭ መኪና በኋላ ማርሽ ሄድኩ፣ መሀል ላይ አንድ የአበባ ጣሳ ገለበጥኩ። የውጪው በር ላይ ሳይክሌን ያዝኩና ቆምኩ። እሳቸውም ቆሙ።

«ሂዳ» አሉኝ።

«እርስዎ ይግቡ ጋሼ።»

«ግድግዳዬ ላይ የተውከውን አይቻለሁ። ዙር።»

ዞርኩ። እንዲህ ያለ ግምገማ አይግጠማችሁ።

«ፓራፋንጎ የለህም?»

«አስፈትቼው ነው... ለፍጥነት።»

«ልጄ ክረምቱን ሙሉ ፊቷ ጭቃ ተረጭቶ ነው የምትገባው። ስጠይቃት መኪና ረጨኝ ትላለች። እሁድ እሁድ ብቻ የሚረጭ ምን ዓይነት መኪና ነው ስል ከረምኩ። መኪናው አንተ ነህ ለካ።»

ለካ በደስታ አልነበረም የምትጮኸው። ስንት እሁድ ሙሉ የኔን ጭቃ ስትበላ ከርማ፣ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አላየኋትም። በቃ ሳይክሉ ተቆለፈ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«መንዳቱን አልከለክላትም፣ ስትመለስ ደስ ብሏት ነው የምትመለሰው» አሉ ጋሽ በላቸው። «ግን ከዛሬ ጀምሮ እሷ ከፊት፣ አንተ ከኋላ።»

እኔን! እሺ ጋሼ አልኩ፣ ምን ልበል።

ዛሬ እሁድ ነው፣ ሌሊት ሲዘንብ አድሯል። ከጥቁር ውሃ አሁን ገባን። የሠፈር ልጆች ከኋላዋ ሲያዩኝ ምን ነካህ አሉኝ፣ እየጠበቅኳት ነው አልኳቸው።

ስለዚህ አስተካክላለሁ... ሐዋሳ ውስጥ በሳይክል የሚቀድመኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ጠዋት ስትመጣ ፓራፋንጎዋን አስፈትታ ነው የመጣችው።