ያልተቀዳው ሐሙስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማርታ አዲስ ኮምፒውተር ልትገዛ ተነሣች። ሥራዋን የምትሠራው ቱሉ ዲምቱ ካለው ቤታችን ሆና ነው፤ ሥዕል ትነድፋለች፣ ከደንበኞቿ ጋር ትነጋገራለች፣ ሁሉንም በአንዴ ከፍታ።

«እማ፣ ሜሞሪው ስምንት ጊጋ ይበቃኛል ወይስ ዐሥራ ስድስት ልበል?» አለችኝ። እማ ታውቃለች ብላ አይደለም፤ ከራሷ ጋር ስታወራ አጠገቧ ሽሮ አማስል ስለነበር ነው።

«ትልቁን ግዢ» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ይህን ያወቅሽው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብላ ሳቀች።

የሜሞሪውን ጥያቄ ሌላ ሰው ጠይቆን ያውቃል፤ እኔ በዕድሜ ከማርታም ሳንስ።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ዲያቆን ኤፍሬምና እኔ ቃሊቲ፣ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን የጽሕፈት ሥራ ልንጀምር ነበር። ወላጆቻችን በልጅነቴ ስላረፉ ያሳደገኝ እሱ ነው። ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን ዜማ ያስተምር ነበር። ድምፁን የሰማ መንገደኛ አጥሩን ተደግፎ ይቆማል።

ኮምፒውተሩን የገዛነው አቃቂ በሰቃ፣ ሸምሱ ከሚባል የስልጤ ነጋዴ ነው። «ሜሞሪው መቶ ሃያ ስምንት ሜጋ ይሁን ወይስ እጥፉ?» አለን።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እንደ ጉሊት መደብ በይው፣ እህቴ። ዕቃሽ መጋዘን ሞልቷል እንበል፤ መደብሽ ከጠበበ ግን ሽንኩርቱን ሳታነሺ ቲማቲሙን አትዘረጊም።»

ኤፍሬም ሳቀ። «እኛ ሽንኩርት ብቻ ነን፣ ሸምሱ። ማመልከቻ ጽፎ ማተም ነው ሥራችን።»

«ዲያቆን፣ በሽንኩርት ብቻ የቀረ ነጋዴ አላየሁም!»

ትንሹን ገዛን። ለጽሕፈት በቂ ነበር፤ ማንንም አልወቅስም።

በዓመቱ ኤፍሬም ጉሮሮው ላይ እብጠት ወጣበት። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ካደረገ እንደሚተርፍ፣ ድምፁ ግን እንደማይተርፍ ነገሩን። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሆነ።

አላለቀሰም። «ለልጆቹ ድምፄን ልተውላቸው» አለኝ። የእመቤታችን ምስጋና ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ይደርሳል። በየዕለቱ የዕለቱን አዚሞ ኮምፒውተሩ ላይ ሊቀዳ ወሰነ። ከቀጠሮው በፊት የነበረን አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ዕለት አንዴ ብቻ ይመጣል።

ድምፁ የሚታዘዘው ጠዋት ነበር። ለብ ያለ ተልባ ይጠጣና አንዴ ያዜማል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሹክሹክታ ነው። ጠዋት ደግሞ እስረኛ ጠያቂዎች የሚጎርፉበት ሰዓት ነው። ኅዳር ነበር፤ ብርዱ ከጭነት መኪናዎቹ አቧራ ጋር ይገባል። ደጃችን የተደረደሩት ምሳ ዕቃዎች የምስር ወጥ ይሸታሉ። ማክሰኞና ረቡዕ ሰዉን ደጅ አስቁሜ በሰላም ቀዳን።

ሐሙስ ኤፍሬም ማዜም እንደ ጀመረ አንዲት እናት ነጠላቸውን እየጎተቱ ገቡ። ልጃቸው ሩቅ አገር ወዳለ ማረሚያ ቤት ሊዛወር ነው፤ ማመልከቻው የዚያኑ ጠዋት ካልገባ ይሄድባቸዋል።

«በማርያም፣ ልጄ፣ ሰዓቱ ሳያልፍብኝ!»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ» አልኩ በሹክሹክታ።

ኤፍሬም ዜማውን ሳያቋርጥ በእጁ ወደ ኪቦርዱ አመለከተኝ። ጻፊላቸው ማለቱ ነው።

ጻፍኩ። የልጃቸውን ፎቶ ጨምሬ ለማተም ስከፍት ኮምፒውተሩ መደቡ ጠበበው፤ ማውሱ አልንቀሳቀስ አለ። ቀረጻው ቆመ። ኤፍሬም ዓይኑን ጨፍኗል፤ እያዜመ ነው። ላቋርጠው አልቻልኩም። እንዲያ አምሮ ሲያዜም ሰምቼው አላውቅም። ማንም ሳይቀዳው እስከ መጨረሻው አደረሰ።

አጥፍቼ አስነሣሁት። ማመልከቻው ተረፈ፤ ሐሙስ ግን አልተረፈም። ስነግረው፣ «እናትየዋ ደረሱ?» አለኝ።

«እየሮጡ ሄደዋል። ይደርሳሉ።»

«ተመስገን።»

ከሰዓት በኋላ ሸምሱ ሰምቶ መጣ። ከራሱ ኮምፒውተር ሜሞሪ ነቅሎ አምጥቶ ገጠመልን። «በል ዲያቆን፣ ቲማቲሙንም ዘርጋው» አለ። ሊያስቀን ነበር፤ ራሱ እንኳ አልሳቀም።

«ነገ የሐሙሱን በለው» ብዬ ለመንኩት ወንድሜን።

«ነገማ ዐርብ ነው፣ ጽጌ። የሐሙሱን ነገ ብል የዐርቡን መቼ ልል ነው?»

ዐርብና ቅዳሜ እሱ እያዜመ እኔ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ አንዴም አልቆመም። እሑድ ሱቁ ዝግ ነው፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሰኞ የመጨረሻውን ቀዳን፤ ማክሰኞ ሆስፒታል ገባ።

እግዚአብሔር ጥቂት ዓመታት ጨመረለት። ልጆቹን በተቀዳው ድምፁ፣ እጁን ከፍና ዝቅ እያደረገ አስተማረ። ሐሙስ ሲሆን እጁ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ዐረፈ።

ማርታ ትልቁን ገዛች። የአጎቷን ድምፅ ገለበጠችበትና እየነደፈች ትሰማዋለች። የዐርቡን ስትከፍት ከዜማው ሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ሰማች።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እማ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ነገር ተከፍቷል፤ ለሁሉም ቦታ አለው። የወንድሜ ድምፅ ግን የለም። ድስቱን አወረድኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። ዜማ አላውቅም፤ ድምፄም ሻካራ ነው። ስድስቱን ስላተረፈልን እግዚአብሔርን አመሰግኜ፣ የሐሙሱን እኔ ጀመርኩ።