አበልጄ ያመጣው መርፌ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ወገዳ አስተምር ነበር። ያኔ በከተማው ሸክላ ማጫወቻ የነበረን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና አንዲት ጠጅ ቤት ያላት ሴት። የእኔው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ሻንጣ የሚመስል ግራጫ ዕቃ ነው። ከደብረ ታቦር በበቅሎ ሳስመጣው መንገዱን ሙሉ እንደ አራስ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነበር።

መርፌው ግን ሲመጣም ያረጀ ነበር። ማንም ይዝፈን ማን ከጀርባው ገብስ የሚቆላ ይመስል ይንጣጣል። መስመር እየዘለለ ሲያስቸግረኝ ክንዱ ላይ አምስት ሳንቲም አስቀመጥሁበት። ሳንቲሙ ሲጫነው ደግሞ ሸክላውን እየፋቀ በጫፉ ላይ ጥቁር ብናኝ ይሰበስባል። ሚስቴ ይህን እያየች «አንተ እኮ ዘፈን አትሰማም፣ ታርሳለህ እንጂ» ትለኝ ነበር። ያኔ ገና ትቀልድብኛለች።

ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርሁት የሚቀጥለው አይገባም። ወገዳ እንደገባሁ፣ ማን ያውቀኛል ብዬ፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ደብር አምስት ዓመት ተቀምጬ ድጓ ተምሬያለሁ ብዬ አወራሁ። ሰውም አመነኝ። በንግሥ በዓል ከደብተራዎቹ ጋር መቋሚያ ይዤ እቆማለሁ፤ እነሱ ሲያዜሙ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። እውነቱ ግን ሦስት ወር እንኳ አልሞላሁም። ደበሎዬን ለብሼ፣ አኩፋዳዬን ይዤ እህል ልለምን ከአንድ ግቢ ስገባ ቀይ ውሻ ተነሣብኝ። ደበሎዬን ነጠቀኝ፤ እኔ ግራር ላይ ወጣሁ። የቤቱ እመቤት ከወንዝ እስክትመለስ ድረስ እዚያው ዛፍ ላይ ሆኜ የሰው ያለህ እያልሁ ጮኽሁ። በማግሥቱ ወደ አባቴ ቤት ሸሸሁ፤ ወደ ድጓው አልተመለስሁም።

ይህን ታሪክ ለሁለት ሰዎች ነግሬያለሁ። አንደኛዋ ሚስቴ ናት። በተጋባን ሰሞን ነገርኋት፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና ግንባሬን ሳመችኝ። ሁለተኛው አበልጄ ነው።

አበልጄ ቅቤና ቆዳ ወደ አዲስ አበባ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር። በሠርጌ ሚዜዬ ነው፤ ልጄንም በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። በእኛ አገር አበልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ቤቱ ከቤትህ አይጋባም፤ ገበናህ ገበናው ነው። እኔም ከእናቴ ልጅ አስበልጬ ነበር የማየው። የፊት ጥርሱን በቅሎ በእርግጫ ሰብራበት ስለነበር «ሰ» በአፉ ሲያልፍ ያፏጫል፤ ሳቁም ከሩቅ ይታወቃል።

አንድ መስከረም ላይ፣ ከእስቴ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ አንድ አዝማሪ ያስቀረጸው ሸክላ ወገዳ ደረሰ። ባለ ጠጅ ቤቷ ሴትዮ በገበያ ቀን፣ ከእኔው በማይሻል መርፌዋና በሰው ጫጫታ መካከል ከፈተችው። በመካከሉ እንዲህ የሚል ነበረበት፦

የእኛ ባለድጓ ሲኮራ ሲኮራ፣
ውሻ ዛፍ ላይ ሰቅሎት «ድረሱ» ሲጣራ።

ከዚያ ቀጥሎ ስለ ቀዩ ውሻና ስለ ደበሎው ነበር። የወገዳ መምህር መሆኑንም አልተወውም። ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገው። ሰኞ ጠዋት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞር ስል ከኋላዬ አንድ ተማሪ እንደ ውሻ ጮኸ። እሑድ ደግሞ ደብተራዎቹ ኮስተር ብለው «እስቲ ዛሬ እርስዎ ይምሩን» አሉኝ። መቋሚያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ከእነሱ ጋር አልቆምሁም። ሸክላው ይጥፋልኝ ብዬ ከሴትዮዋ ገዝቼ አልጋዬ ሥር ወሸቅሁት። በሳምንቱ ሌላ አስመጣች።

ማን ነገረብኝ? የሚያውቁት ሁለት ናቸው። አዝማሪው የእስቴ ሰው ነው፤ ሚስቴም የእስቴ ልጅ ናት። ባለፈው ጥር ለአጎቷ ልጅ ሠርግ ሄዳ ሳለ እዚያ ድንኳን ውስጥ ሲያጫውት የነበረው ይኸው አዝማሪ ነው። ለእኔ ይህ በቃኝ። አበልጄን ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልጠረጠርሁትም። ሂሳብ አስተማሪ ነበርሁ፤ ሁለት ሰው አስቀምጬ አንዱን ሳልቆጥር መልስ አወጣሁ።

ሚስቴ በልጇ ማለች። አላመንኋትም። «ቤተ ክርስቲያን ወስደህ አስምለኝ» አለችኝ። «በሐሰት ምለሽ ልጄን ልታስቀስፊብኝ ነው?» አልኋት። ይህን ስላት ፊቷ እንዴት እንደሆነ አሁንም ይታየኛል። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ በቅሎ ይዞ መጣ፤ ልጄን ይዛ እስቴ ወላጆቿ ቤት ገባች።

አበልጄ ያን ሰሞን ከአጠገቤ አልጠፋም። ብቻዬን እንዳልበላ ቤቱ ይጠራኛል፤ ሚስቱ ወጥ ትልክልኛለች። «ሴት ናት፣ አፏ አመለጣት፤ ምን ታደርጋለህ? ተዋት፣ ትብረድ» ይለኝ ነበር። «እኔ ራሴ ሄጄ አስታርቃችኋለሁ» ይላል፤ አልሄደም። እኔም ሥራ በዝቶበት ነው እያልሁ፣ ያለ እሱ ምን ይውጠኝ ነበር እያልሁ፣ በልቤ እመርቀዋለሁ። አሁን ሳስበው ያንን ምርቃት ነው አብልጬ የምናደድበት።

ከጥምቀት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሊወርድ ሲል መርፌ እንዲፈልግልኝ ለመንሁት። ቤቱ ጭር ስላለብኝ ከዘፈን ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፤ እሱም በንጣጣ ተውጧል። የድሮውን መርፌ ነቅዬ በክብሪት ቀፎ ለናሙና ሰጠሁት። ማጫወቻው ወር ሙሉ ዲዳ ሆኖ ተቀመጠ።

የተመለሰው በቅበላ እሑድ ነው፤ በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ማጫወቻው ለፋሲካ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ቀን። ከቅዳሴ መልስ እየሮጠ መጣ። «አልማዝ ነው! ጫፉ አልማዝ ነው!» ይላል፤ የክብሪት ቀፎውን ከፍ አድርጎ ይዟል። ራዲዮ የሚጠግን ሰው እንዳስረዳው፣ የድሮው ጫፉ ዶልዱሞ ከሸክላው መስመር አፋፍ ላይ ብቻ ይንሸራተት ነበር፤ ይህኛው ግን ሹል ስለሆነ እታች ድረስ ይገባል፣ የተቀረጸውን ሁሉ ያወጣል። እሱ በጥፍሩ፣ እኔ በወስፌ ጫፍ እየታገልን ክንዱ ራስ ላይ ቀጭ አደረግነው።

አዲስ መርፌ ቢቧጥጥስ ብዬ መሞከሪያ የማልሳሳለት ሸክላ ፈለግሁ። የማልሳሳለት አንድ ብቻ ነበረኝ። ከአልጋዬ ሥር ሳወጣው አበልጄ «እሱን ተወው እባክህ፤ ቁስልህን ምን ያስነካሃል?» አለኝ። ለእኔ ማዘኑ ነው ብዬ ወደድሁለት።

ሳንቲሙን ክንዱ ላይ አላስቀመጥሁም። መርፌው ወረደ። ንጣጣው የለም! የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ፣ ጭብጨባው፣ አዝማሪው ትንፋሽ ሲስብ፣ ሁሉም ክፍሌ ውስጥ ገባ። ለአፍታ ውርደቴን ረስቼ ደስ አለኝ። ግጥሙ ሊመጣ ሲል ግን ከማሲንቆው ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ደንቡን ያውቃል። አንዱ ግጥም በቃሉ ይሰጣል፣ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ያንኑ ከፍ አድርጎ ያዜመዋል። ሲቀረጽም እንዲሁ ነበር ያደረጉት። ዝቅ ያለ ድምፅ አስቀድሞ «የእኛ ባለድጓ ሲኮራ ሲኮራ» አለ። በየ«ሲኮራው» አፏጨ፤ «ሰቅሎት» ላይ ሲደርስም አፏጨ። «ተቀበል!» አለና ያን ከሩቅ የማውቀውን ሳቅ ሳቀ።

መርፌውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ያው ነው። ሦስተኛም ደገምሁት። አበልጄ ጫማውን ያያል።

«አንተ ነህ» አልሁት።

«ጨዋታ እኮ ነው አበልጄ። አዝማሪው ግጥም አለቀበት፤ የሚቀርጸው ሰው ደግሞ የሚያስቅ ስጡኝ ይላል። አፌ ላይ የመጣውን ሰጠሁ። ወገዳ ይደርሳል ብዬ መች አሰብሁ?»

«መድረሱን ካየህ በኋላስ? ሚስቴ ስትምል እዚህ ተቀምጠህ አልነበርህም?»

«ነበርሁ።»

«ታዲያ?»

ብድግ ብሎ ጋቢውን አስተካከለ። «እኔ ሚስትህን አባርር አልሁህ? ተዋት፣ ትብረድ ነው ያልሁ። ያባረርኻት አንተ ነህ» አለኝ።

በሩን አሳየሁት። በዚያች ሰዓት ልገድለው ብነሣ የሚይዘኝ አልነበረም፤ እኔ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። አምስት ወር ሙሉ ወጡን በልቻለሁ። ገበናዬን የሰጠሁት ሰው ለሳቅ ሸጦት፣ ሰው ሲስቅብኝ አብሮኝ ተክዞ፣ ጭራሽ መርፌውን ራሱ ገዝቶ አመጣልኝ። ድምፁ ይሰማል ብሎ አላሰበም። እኔም የእሱን ድምፅ እሰማለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ፋሲካን መጠበቅ አልቻልሁም። ሦስት ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቴን ይዤ፣ ማጫወቻውን በበቅሎ ጭኜ እስቴ ሄድሁ። ለምን ጫንኸው ቢሉኝ፣ ማስረጃ ነው። በአማቾቼ ቤት፣ በጾም፣ ዘፈን ልከፍት! ቄሱ ደነገጡ። አንደኛው ሽማግሌ «አባ፣ ይኼ ዘፈን አይደለም፤ ምስክር ነው» አሉ። ቄሱ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ምስክሩ ቃሉን እስኪሰጥ ብቻ፤ ከዚያ ይዘጋ» ብለው ፈቀዱ።

ሸክላው ዞረ። ስለ ውሻው ሲመጣ አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሽማግሌዎቹ ጣራ ጣራውን አዩ። ውርደቴን በገዛ እጄ ተሸክሜ እስከ አማቾቼ ቤት አደረስሁት። ግድ አልነበረኝም። የሚስቴ አባት ራቅ ብለው ከተቀመጡበት አንገታቸውን አስግገው «ይኼ ያ ቅቤ ነጋዴው፣ ሚዜው አይደለም?» አሉ። «ነው!» አልሁ፤ በደስታ ልጮኽ ምንም አልቀረኝ። እውነቱ ወጣ፣ ሚስቴ ነጻ ወጣች፣ አሁን ተነሥታ ልጄን ይዛ ትከተለኛለች ብዬ ነበር።

ሚስቴ እምድጃው አጠገብ ቆማለች። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

«ልጠይቅህ» አለችኝ። «እኔ በልጄ ስምል አላመንኸኝም። አሁን ሸክላው ሲናገር አመንህ። ይህ መርፌ ባይመጣ ኖሮስ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። መሐላ ልምል አፌን ከፈትሁ። አምንሽ ነበር ልበል? እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ውሸት መሆኑን ያውቃል። እውነቱ ደግሞ አንድ ነው፤ እስከ ቅበላ እሑድ ድረስ እሷን ነበር የምጠረጥረው፣ መርፌው ባይመጣ እስክሞት እሷን እጠረጥር ነበር። ዝም አልሁ።

እሷም ዝምታዬን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ ልጄን እጁን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሽማግሌዎቹ ቢጠሯትም አልወጣችም።