ጎማው ሳይሰበሰብ ውሃ ላይ

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ድርቁ በበረታባቸው ዓመታት ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእርግጠኝነት ለመጥቀስ አልደፍርም። ከምጽፈውም ውስጥ በዓይኔ ያየሁትን ደጋግሜ ሳወራ ከጨመርኩበት ለመለየት ይቸግረኛል።

በመካነ ሰላም ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። እንግሊዝኛ ስለምናገር፣ መድኃኒት የምታመላልሰው ትንሽ አውሮፕላን በመጣች ቁጥር ለፈረንጁ አብራሪ እንዳስተረጉም እጠራ ነበር። አውሮፕላኗ መሬትም ውሃም ላይ የምታርፍ ነበረች። ታንኳ የሚመስሉ ሁለት ረጃጅም እግሮች ነበሯት፤ ከእነሱ ሥር ጎማዎች ይወጣሉ፣ ይሰበሰባሉም። እኛ ዘንድ ሣሩ ላይ በጎማ ታርፋለች፤ ውሃ ላይ ስታርፍ ግን ጎማዎቹ የግድ መሰብሰብ አለባቸው። የመካነ ሰላም ሰው ድምፅዋን ሲሰማ ወደ ሜዳው ወጥቶ ነጠላውን እያውለበለበ ይቀበላታል፤ አብራሪውም ክንፏን ዘንበል አድርጎ ሰላምታውን ይመልሳል።

አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት ከከላላ በቃሬዛ መጣች። ደሴ ሆስፒታል ካልደረሰች እንደማትተርፍ የጤና ጣቢያው ሰው ነገረን። የኮምቦልቻ ማረፊያ በወታደር አውሮፕላኖች ተይዟል ስለተባለ፣ አብራሪው ከደሴ ወዲያ ባለው፣ ከዚህ ቀደምም ደጋግሞ ባረፈበት የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ላይ አርፎ በመኪና ሊያደርሳት ወሰነ። አብሯት የመጣው ወንድሟና እኔም ተሳፈርን።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የዋልካው ጭቃ ጎማዎቹ ላይ ተለጥፏል። ከተነሣን በኋላ አብራሪው አንድ ነገር ነገረኝ።

«መምህር፣ ምን አለ?» አለ ወንድሟ።

«ጭቃው በነፋስ እንዲራገፍ ጎማዎቹን ለጊዜው አልሰበስባቸውም አለ።»

«ጭቃውን ያራግፍ፤ ብቻ እኛን አያራግፈን! አይዞሽ እታለም፣ በቃሬዛ ቢሆን ይኼኔ ከተማውንም አልወጣን።»

እህቱ እጁን ጨብጣ ነበር።

ወደ ሐይቁ ዝቅ ስንል ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸው ላይ ቆመው ነጠላቸውን ሲያውለበልቡ አየን።

«እንደኛው ሰው ሲቀበሉን እዩዋቸው!» አለ ወንድሟና እጁን በመስኮቱ አወዛወዘላቸው። አብራሪው ክንፏን ዘንበል አደረገ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ጎማዎቹ ውሃውን ሲነኩ ከግንብ ጋር የተላተምን ያህል ነበር። አፍንጫዋ ተደፋ፣ ጅራቷ ወደ ላይ ተነሣ፣ ውሃው ገባ። አብራሪው በሩን በእግሩ ገፍቶ ከፈተው። ወንድሟ የእህቱን ራስ ከውሃው በላይ ይዞ «ያዙልኝ! ያዙልኝ!» ይጮኻል። ታንኳዎቹ ወዲያው ደረሱ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ገና ከማረፋችን በፊት ወደ እኛ መቅዘፍ ጀምረው ነበርና።

«ጎማው ወርዷል እያልን ስናውለበልብ አላያችሁም?» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ እሷን ወደ ታንኳው እየሳበ።

«አየን። እንኳን ደህና መጣችሁ የምትሉን መስሎን ነው» አልኩት።

«እንኳን ደህና ሰጠማችሁ ልበላችኋ!»

ሽማግሌው ይህን ያለው እዚያው ውሃው ላይ ይሁን ዳር ከደረስን በኋላ፣ አላስታውስም።

አብራሪው አውሮፕላኗ ዘንድ ቀረ፤ እኛ በመኪና ደሴ እንደደረስን ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ሐኪሙ ሲወጣ፣ እናትየዋ እንደምትድን፣ ሕፃኑ ግን እንዳልተረፈ ነገረን።

«ውሃው ነው?» አለ ወንድሟ።

«ውሃው አይደለም። ከመነሣታችሁም በፊት ሞቶ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ቆይቶም፣ እህቱ በመትረፏ ይሁን ምክንያቱ ውሃው ባለመሆኑ ሳይለይልኝ፣ ደገመው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቱ ይሂዱ መምህር፣ ልብስዎን ያድርቁ። ስትነቃ እኔው እነግራታለሁ።»

አልሄድኩም። እስክትነቃ ድረስ ከክፍሉ በር ሥር አብረን ተቀመጥን።