ለከባድ በር የሚሆን ማጠፊያ

ጦይባ ሰቆጣ ገበያ ላይ የቤት መሥሪያ ዕቃ ስትሸጥ ነው ያረጀችው። ገዢ ለከባድ በር አጭር ማጠፊያ ሲያነሳ፣ «ይሄ አይችለውም፣ ረጅሙን ውሰድ» ብላ ታስቀይረዋለች። እሷም ከወፈረች ቆይታለች፤ ጉልበቷ አላራምድ ሲላት ልጆቿ ደግፈው ሩቅ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት።

ሐኪሙ በታመመ ጉልበት ምትክ ከሚገቡት ብረቶች ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ክብደትዎ ስለሚጫነው አጭሩ ሊላላ ይችላል፣ እናቴ። ወደ አጥንቱ ጠልቆ የሚገባው ረጅሙ ይሻልዎታል» አላት።

ይህንኑ ቃል እሷም ለስንቱ ገዢ ተናግራለች። «እሱስ የተነቀለ እንደሆነ?» ልትል ፈልጋ ረጅሙን ብረት አንስታ ጫፉን ዳሰሰች። ለገዢ ነግራ የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ ረጅሙ ማጠፊያ የተነቀለ ዕለት ሳንቃውን ሰንጥቆት ነው የሚወጣው።