ቢጫው ሹራብ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዘለልኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ዛሬ የገና ዕለት ነው፤ ምሳ በልተናል፤ ከዚህ በላይ ብዘላት ራሴን እታዘበዋለሁ።

ባለቤቴ ወይንሸት ለገና ስጦታ ሳትሰጠኝ ቀርታ አታውቅም። በተጋባን ዓመት ካልሲ፣ በዓመቱ ደግሞ ሻይ የምይዝበት ፔርሙዝ ሰጠችኝ። ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየማችን በጠዋት ስወጣ ብርዱ እንዳይመታኝ ትሰጋለች። በሦስተኛው ዓመት ጾመ ነቢያትን በሙሉ ሁለት ረጃጅም መርፌ ይዛ ሹራብ ስትሠራ ከረመች። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት “ለእህቴ ልጅ ነው” ትለኛለች። የገና ዕለት ለካ የእኔ ኖሯል። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ ወፍ አለች።

“ርግብ ናት” አለችኝ።

ለእኔ ዶሮ መሰለችኝ። ግን አቅፌ ሳምኳት።

በማግስቱ ለብሼው ወጣሁ። ቢሯችን ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነው፤ ሰዉ ሁሉ በሱፍና በከረባት ይገባል። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። ምን ፈራሁ? ሳቅ። የባልደረቦቼን ሳቅ ፈርቼ የሚስቴን ሹራብ አወለቅሁ። ለጥበቃችን ለጋሽ ደበሌ ሰጠኋቸው። “እግዜር ይስጥልኝ ልጄ” ብለው እዚያው ለበሱት። እኔም ደግ ሰው መስዬ ገባሁ።

ማታ ወይንሸትን፣ ሹራቡን አውልቄ እንደያዝኩት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነጥቀውኝ ሮጡ አልኳት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኳት፣ ዓይኗን እያየሁ። እሷ ክንዴን፣ ደረቴን ትዳብሳለች።

“አንተን አልነኩህም? ተወው፣ እሱ ክር ነው።”

ከዚያ ወዲያ ስጦታዎቿ ሁሉ ውሸቴን ተከትለው መጡ። ባለ ቁልፍ ቦርሳ ገዛችልኝ። በዓመቱ ፊሽካ፣ ሲነኩኝ እንድነፋው። ከዚያ የሩጫ ጫማ። ቦርሳው ዛሬም በእጄ ነው፤ በጫማውም ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እስከ ሲኤምሲ እንሄዳለን። እንዲህ የሚሳሳልኝ ሰው ማግኘቴ ምን ሠርቼ ይሆን? ዋሽቼ ነው እንዳልል ከመዋሸቴም በፊት ትሳሳልኝ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ጋሽ ደበሌ ብርድ በመጣ ቁጥር ያን ሹራብ ይለብሱታል። ስለዚህ ወይንሸትን ቢሮዬ ድረስ ወስጃት አላውቅም። አንድ ቀን ለገበያ መጥታ፣ ልምጣ ወይ ብላ ስትደውል መንገድ ማዶ ካፌ እንድትጠብቀኝ አደረግሁ። ማኪያቶዋን እያማሰለች፣ ቀስ ብላ፣ “ታፍርብኛለህ እንዴ?” አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ይህን ብቻ አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ጥቅል አስታቀፈችኝ። ያው ቢጫ፣ ያቺው ወፍ። አሁን በመነጽር ነው የሠራችው፤ ክንፏ ትንሽ ተጣሟል።

“የነጠቀህ ሌባ ሲያይህ ይቆጨው” ብላ ሳቀች።

ሌባው ፊቷ ቆሞ እጅጌውን ያስተካክላል።

ነገ ቢሮዬን አሳይሻለሁ አልኳት። ደንግጣ አየችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጓዳ ገብታ የምትለብሰውን ቀሚስ እየተኮሰች ነው። ነገ ቢሮው በር ላይ የድሮውን ሹራብ ጋሽ ደበሌ ለብሰውት አይታ እንድታውቅ አልፈልግም፤ አሁኑኑ ልነግራት ነው። ስለ ሹራቡ ይቅር ትለኝ ይሆናል፤ ክር ነው ብላለች። የማፍርባት መስሏት ይህን ሁሉ ገና ማሳለፏን ግን በምን አፌ ይቅር በይኝ እላለሁ? ሰበብ የለኝም፤ አልፈልግምም። ካውያውን ስታስቀምጥ ሰማሁ። ሹራቤን እንደለበስኩ እገባለሁ።