የአያቴ ቃር እና የኬላው በረኛ

ልጅ ሳለሁ አያቴ በየምሽቱ የሚነግሩኝ ማለቂያ የሌለው አንድ ተረት ነበር፤ ባለታሪኩም ንጉሥ ወይም አንበሳ ሳይሆን እንቅልፍ የሚያታግለው አንድ የኬላ በረኛ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብትሰጡኝ ይህ በረኛ የአንድን ሰው ድምፅ እንዴት እንዳተረፈ እነግራችኋለሁ። ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድም፤ በረኛው እናንተም ደረት ውስጥ አለና።

አያቴን አባባ ነበር የምላቸው። በአንኮበር ቁልቁለት ዳር ባለች ደብር መሪጌታ ናቸው። ያኔ እኔና እናቴ ደብረ ብርሃን፣ እሷ ከምትሠራበት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። መስከረም ላይ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡብን። ለምን እንደመጡ ለማወቅ ሰላምታቸውን መስማት ይበቃ ነበር፤ ያ አጥር ተሻግሮ ይሰማ የነበረ ድምፅ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ።

ቃርን ለዓመታት ያውቁታል። በልተው ጋደም ሲሉ ከደረታቸው ሥር እሳት ይነሳል፣ ኮምጣጣ ውሃ እስከ ጉሮሯቸው ይመጣል፣ ጧት ሲነሱም ድምፃቸው ሻክሮ ይጠብቃቸዋል። ቀድሞ ረፋድ ላይ ይመለስ የነበረው ድምፅ በዚያ ክረምት ጭራሹን መመለሱን ተወ። ኅዳር ላይ ደግሞ የደብራቸው ንግሥ አለ፤ ታቦቱ ወጥቶ ሲቆም ዜማውን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው።

«ድምፅ የሌለው መሪጌታ ውሃ የሸሸው ወፍጮ ነው» አሏት እናቴን። «ለንግሡ ካልተመለሰልኝ ቦታዬን ለሌላ ሰጥቼ ከዳር እቆማለሁ።»

እናቴ ፊቷን አዙራ ከሰሉን ስታራግብ አስታውሳለሁ።

ግቢው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጭ ሽንኩርት በማር ይዛ መጣች። የቤቱ ባለቤት ሎሚ ይሻላል አሉ። አንድ ጡረተኛ ወታደር ደግሞ ጤና አዳም የተነከረበት አረቄ በትንሽ ብርጭቆ አመጡና «መሪጌታ፣ ይቺ ያልገደለችው በሽታ የለም» አሏቸው። አባባ ሁሉንም አክብረው ቀመሱ። አረቄውን የቀመሱ ዕለት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «በሽታውን ትታ እኔን ልትገድለኝ ነው» ብለው እናቴን አሳቋት። በማግስቱ እናቴ እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው።

እዚያ ምን እንደተባሉ የነገረኝ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤታችን ተለወጠ። እራት ገና ሳይመሽ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ እሱም ከድሮው ያነሰ። ቀዩ ወጥ ቀርቶ አልጫ መጣ፣ ቅቤው ሳሳ፣ የከሰዓት ቡና ተረሳ። ጧት ጧት የገብስ ቂንጬ ነው፤ አለዚያ ተልባ። እናቴ ተልባውን ቆላ አድርጋ ትወቅጠውና ለብ ባለ ውሃ በጥብጣ፣ አጥልላ ትሰጣቸዋለች፤ እየተዝለገለገ ሲወርድላቸው አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» ይላሉ። በአልጋቸው ራስጌ እግሮች ሥር ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ገባ። ለምን እንደገባ ስላልገባኝ እኔ ከራስጌ ወደ ግርጌ እየተንሸራተትኩ ተጫወትኩበት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አባባ እንደበሉ ጋደም ማለታቸውን መተዋቸው ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያኔ በምሽት ከከሰል ምድጃ ርቆ የሚቀመጥ አልነበረም። በሩን ገርበብ አድርገን፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማ ሣህን ላይ አቁመን፣ ፍሙ አመድ ለብሶ ከውስጥ ሲቀላ እያየን፣ አባባ በርጩማቸው ላይ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ይቀመጡና «ሚጡ፣ ቁጭ ብለሻል?» ይሉኛል።

«ቁጭ ብያለሁ።»

«እኔም ቁጭ ብያለሁ። በረኛውም ቁጭ ብሏል።»

ተረቱ የሚጀመረው እንዲህ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ጉልበታቸው ሥር ተጠግቼ ነው የምሰማው።

ከደጋውና ከቆላው መካከል፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ አንድ ኬላ አለ። ከደጋ የሚወርደው እህል ሁሉ በዚያ ያልፋል። ታች ቆላው ውስጥ ደግሞ እየተንተከተከ የሚውል የሚያድር ትልቅ ጋን አለ፤ የወረደውን ሁሉ አብስሎ አገር የሚመግብ። የበረኛው ሥራ ለሚወርድ መክፈት፣ ለሚወጣ መዝጋት ነው። እሱ ከነቃ እህሉ ይወርዳል፣ እሳቱ ታች ይቀራል። ካንቀላፋ ግን የጋኑ እንፋሎት ገደሉን ሽቅብ ይወጣና የደጋውን ገብስ ይለበልበዋል። እኔ ደግሞ ጉም ከአንኮበር ገደል ሽቅብ ሲግተለተል በዓይኔ አይቼ ስለነበር አንዲቷንም ቃል አልተጠራጠርኩም።

«ታዲያ ጋኑን ለምን አያጠፉትም?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«አይ ሚጡ፣ ጋኑ ከጠፋማ አገር ይራባል። እሳቱ ክፉ አይደለም፤ ቦታው ታች ነው።»

በየምሽቱ ወደ ኬላው አንድ እንግዳ ይመጣል። አንዱ ቅል ሙሉ ቅቤ የያዘ ነጋዴ ነው፣ አንዷ በርበሬ ያስፈጨች ወይዘሮ፣ ሌላው አረቄ ያዘለ መንገደኛ። በረኛውን የሚያስገድደው የለም፤ ሁሉም «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይሉታል። እሱም ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሽፋሽፍቱ ይከብደዋል፣ የበሩ መወርወሪያ ከእጁ ያመልጣል። እኔ እናደድ ነበር።

«ለምን እምቢ አይልም?»

«በሞቴ ያለን ሰው ምን ብለው እምቢ ይሉታል? እሱን ገና እያሰበበት ነው።»

አንድ ቅዳሜ አባባ ክርስትና ቤት ተጠርተው ዋሉ። ማታ በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ የዚያን ዕለቱ ተረት ክፉ ሆነ፤ በረኛው ከመቼውም የከበደ እንቅልፍ ተኛ፣ ገብሱም እስከ ሥሩ ነደደ። አባባ በመሐል ቆም እያሉ ምራቃቸውን ይውጣሉ፣ መዳፋቸውንም ደረታቸው ላይ ጫን ያደርጋሉ። በማግስቱ ድምፃቸው እንደገና ተሰበረ። ያኔ ያን መዳፍ እያሰብኩ፣ ገደሉ አንኮበር ብቻ እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጠርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ከዚያ ወዲያ የእራታቸውን ሣህን ዓይኔ ይከታተል ጀመር።

ቀስ በቀስ ጧት ጧት ማንጎራጎር ጀመሩ። ጥቅምት ሲጋመስ ድምፃቸው ግቢውን፣ ከዚያም አጥሩን ተሻገረ። እትዬ አስካለ የኔ ነጭ ሽንኩርት ነው አለች፤ ወታደሩም አረቄዬ ነው አሉ፤ አባባም ሁለቱንም አመሰገኑ።

ለንግሡ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሦስታችንም በሚኒባስ ወደ አንኮበር ወረድን። ያረፍነው የአባባ ታላቅ እህት እማማ ብዙነሽ ዘንድ ነው፤ አባባን በልጅነታቸው አዝለው ያሳደጉ ናቸው። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። ዶሮው ቅቤ ጠግቦ፣ በርበሬው ከሩቅ ዓይን እያስለቀሰ ቀረበ። ጊዜውም መሽቷል፤ መደቡ ላይ ለአባባ ተነጥፏል።

«ምነው እንዲህ ከሳህ? ደብረ ብርሃን የሚያበሉህ ውሃ ነው እንዴ?» አሏቸው እማማ ብዙነሽ፣ እናቴን በጎን እያዩ። ቀጥለውም ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ተነሱ። «በሞቴ።»

«እቴቴ፣ እኔ እኮ…»

«በሞቴ አልኩህ። አሮጊቷ እህትህ ስታጎርስህ እምቢ ልትል ነው?»

እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ በታላቅ ፊት ምን ትበል። አባባ ጉርሻውን አዩ፣ እህታቸውን አዩ፣ አፋቸው ሊከፈት ሲል እኔ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ በረኛው አስቦ ጨረሰ?»

ዘመድ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባባ ግን ፈገግ አሉ፤ የእህታቸውን እጅ ከነጉርሻው በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «እቴቴ፣ ቁጭ ብለሻል?» አሏቸው።

«አሁንማ ልቀመጥ። ምን ሆነሃል አንተ?»

ያን ተረት ለቤቱ ሁሉ ከመጀመሪያው አወሩት፤ ገደሉን፣ ጋኑን፣ ቅቤ ነጋዴውን። ተረት መሐል የሚያጎርስ የለምና ማንም እጁን አላነሳም። መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉ፦ «በመጨረሻ የበረኛው ታላቅ እህት መጣች። በሞቴ አለችው። እሱም እጇን ስሞ፣ ‹በሞትሽ የበላሁት ሁሉ ሲያስተኛኝ ኖሯል፤ ዛሬ በሕይወቴ በይኝና ነቅቼ ልደር፤ ገብሱን አረንጓዴ ሆኖ ታዪዋለሽ› አላት።»

እማማ ብዙነሽ ወንድማቸውን፣ ከዚያም በእጃቸው የያዙትን ጉርሻ አዩ። «ታዲያ ይቺን ምን ላድርጋት?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጉርሻዋም እኔ አፍ ውስጥ ገባች። ዓይኔ እያለቀሰ፣ እሳቸው ወንድማቸውን «በሕይወቴ፣ እንሰማሃለን» ሲሏቸው ሰማሁ። ለአባባም የገብስ በሶ ተበጠበጠላቸው።

በንግሡ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ሲቆም ጉሙ ገና ከገደሉ አፍ አልለቀቀም ነበር። አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። እማማ ብዙነሽ ትከሻዬን ይዘዋል። ከዚያ ድምፁ ወጣ። ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም፤ ሙሉ፣ ንጹሕ፣ ሳይሰበር ረዝሞ ሕዝቡን አልፎ ገደሉ ላይ ሄዶ ተመልሶ መጣ። ዕልልታው ሲከተል እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያን ቀን በበረኛው በር ሽቅብ የወጣው እሳት ሳይሆን ዜማ ነበር።

ካደግሁ በኋላ ነገሩን ማን ያስተምረኛል ሳልል፣ በስልኬም ከተዋስኩት መጽሐፍም ስቆፍር ቆየሁ። በረኛው እውነት ነው። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀለበት የመሰለ ጡንቻ አለ፤ ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፣ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ስብ የበዛበት ምግብ፣ አልኮል፣ ለብዙ ሰውም ቡና ያላሉታል፤ የጠገበ ጨጓራ ደግሞ ከታች ይገፋዋል። ስንጋደም ቁልቁለቱ ይጠፋና አሲዱ መንገድ ያገኛል። ራስጌ ከፍ ሲል፣ በግራ ጎን ስንተኛም፣ ቁልቁለቱ ይመለሳል። በርበሬና ሎሚ የቆሰለውን ቦታ ያቃጥላሉ። ተልባ ለብዙዎች ያለዝባል፤ በሩን ግን አይጠግንም። ይህን ሳነብ እንደገና ከምድጃው አጠገብ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን እናቴ የነገረችኝ ነው። ሐኪሙ ለአባባ «የጨጓራዎ በር ላልቷል፤ ከእራት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይቆዩ እንዳይጋደሙ» ብሏቸው ነበር። አባባ ደግሞ እንደበሉ እንቅልፍ የሚጥላቸው ሰው ነበሩ። «ከዚያ በፊት ተረት ሲያወሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። ለካ እኔን ሊያስተኙ ሳይሆን እሳቸው እንዳይተኙ ነበር። ተረቱ ራሱ መድኃኒቱ ነበር፤ እየተጨነቁ ቢውጡትም እኔን ግን እንደ ማር አቀመሱኝ።

አባባ ዛሬም በአሥራ ሁለት ሰዓት ይበላሉ፣ ዛሬም ዜማ ያስተምራሉ። እኔ ዘንድ የቀረው «እሳቱ ክፉ አይደለም፤ ቦታው ታች ነው» ያሉት ነው፤ በተናደድኩ ቁጥርም ይመጣብኛል።

እናንተም የምትውጡት የሚያንቃችሁ፣ ያለምክንያት የምትከሱ ወይም ደም የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ጎረቤት አትስሙ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የተለመደው ቃር ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሞክሩት፤ እራታችሁን ቀደም አድርጉ፣ ቀለል አድርጉ፣ ለሚያጎርሳችሁም «በሕይወቴ በለኝ» በሉት። ከዚያ አትጋደሙ። አንድ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡና «ቁጭ ብለሻል?» ብላችሁ ጀምሩ።